ከ«ሰልባቲዮ» ወደ «ማቆሪያ»፤ የአዋሽ መንገድ የሞተር ቃላት ታሪክና የአንድ ዕቃ ስያሜ

በባለ ቱርቦ ሞተር ላይ የሚገጠም አንድ ትንሽ ዕቃ አለ። አብዛኛውን ጊዜ ከአሉሚኒየም የሚሠራ፣ ሁለት የቱቦ አፍና ከሥሩ አንድ ማፍሰሻ ያለው ጣሳ መሰል ነገር ነው። ሥራው ከሞተሩ ሆድ ከሚወጣው ትኩስ ጋዝ ጋር ተደባልቆ የሚያመልጠውን ዘይት ለይቶ ማስቀረት ነው። የእንግሊዝኛ ስሙ ቃል በቃል ሲመለስ «የዘይት መያዣ ታንክ» ይሆናል። ነገር ግን «የዘይት መያዣ» ሲባል መካኒኩ የሚታየው የሞተሩ ዘይት በሙሉ የሚጠራቀምበት፣ ከሞተሩ ሥር ያለው ጎድጓዳ ክፍል ነው። ትርጉሙ ቃሉን ጠብቆ ዕቃውን ስቷል ማለት ነው።

ለዚህ ዕቃ ስም ማውጣት ቀላል ሥራ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ አማርኛ ለሞተር ነገር እንዴት ስም ሲያወጣ እንደ ኖረ ሳይመረመር የሚሰጥ ስያሜ ከመዝገበ ቃላት ወደ ጋራዥ አይሻገርም። ምርመራውን ከአዋሽ ሰባት ኪሎ መጀመር ተገቢ ይሆናል። ከጅቡቲ የመጣው ሐዲድና ከወደብ የሚመጣው የከባድ መኪና መንገድ በዚህች የአፋር ከተማ ይገናኛሉ፤ ሁለቱ መንገዶች ይዘዋቸው የገቡት ቃላትም እንደ ድንጋይ ንብር አንዱ በሌላው ላይ ተደርበው የሚታዩት በዚሁ መስመር ነው።

የታችኛው ንብር የሐዲዱ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ምድር ባቡር እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ፤ የአዋሽን ወንዝ ተሻግሮ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነበር። ሥራውን የያዘው ኩባንያ የፈረንሳይ ስለ ነበረ «ለገሃር»ና «ፉርጎ» ከፈረንሳይኛ ተወሰዱ፤ በአዋሽ ጣቢያ አጠገብ ያለው የታወቀው ሆቴልም «ቡፌ ዳዋሽ» ተባለ። «ጋራዥ»ና «ሹፌር» ምንጫቸው ያው ፈረንሳይኛ ነው። «ባቡር» ግን ከእነዚህ ይለያል፤ ሥሩ በጣሊያንኛ እንፋሎት የሚለው ቃል ሲሆን፣ በዐረብኛ አፍ የእንፋሎት መርከብ መጠሪያ ሆኖ ከቆየ በኋላ ወደ እኛ ተሻገረ።

የከተማይቱ ስም ራሱ ለዚህ ጥናት ጠቃሚ ምስክር ነው። «ሰባት ኪሎ» ሲባል «ኪሎ» የሚለው ቃል ለኪሎሜትር ቆሟል። በምንጩ «ኪሎ» ሺሕ ማለት ብቻ ነው፤ አማርኛ ቁጥሩን አስቀርቶ መለኪያውን ቆርጦ ጣለ። በገበያ «ሁለት ኪሎ» ክብደት ነው፤ በመንገድ «ሁለት ኪሎ» ርቀት ነው፤ በአዲስ አበባ ደግሞ አራት ኪሎ፣ አምስት ኪሎና ስድስት ኪሎ የሰፈር ስሞች ናቸው። አውዱ ይለያቸዋልና ማንም አይደናገርም። ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር አለ፤ ረጅም ስያሜ በተናጋሪው አፍ መቆረጡ አይቀርም፣ የሚቀረው ክፍል የትኛው እንደሚሆን የሚወስነውም የቃል አውጪ ኮሚቴ አይደለም። ወደዚህ ነጥብ ኋላ እንመለስበታለን።

ሁለተኛው ንብር የጣሊያንኛ ነው፤ ከፊተኛውም እጅግ ይወፍራል። የመጀመሪያው አውቶሞቢል ቤንትሊ በሚባል እንግሊዛዊ አማካይነት ለዳግማዊ ምኒልክ የቀረበው በ1900 ዓ.ም. ነበር፤ ዳሩ ግን መኪና የብዙ ሰው መተዳደሪያ የሆነው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው ወረራ ከተዘረጉት መንገዶች ወዲህ ነው። ከደሴና ከኮምቦልቻ ወደ አሰብ የሚወርደው መንገድ ከእነዚህ አንዱ ነው። በኋላ የአዋሽን ሸለቆ ይዞ በገዋኔ በኩል ሚሌ የሚገባው መስመር ሲከፈት አዋሽ ሰባት ኪሎ የወደብ ጭነት መተላለፊያ ሆነች። ከነጻነት በኋላም በአገር ውስጥ የቀሩ ጣሊያናውያን ባለሙያዎች ጋራዥ ከፍተው ሲሠሩ፣ ረዳት ሆኖ የገባው ኢትዮጵያዊ ወጣት ዕቃውንና ስሙን አንድ ላይ ተቀበለ።

የተቀበላቸው ቃላት ዛሬም የጋራዡ ዋና ቋንቋ ናቸው። ጎማ፣ ማርሽ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ፍሬን፣ ባሌስትራ፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ቴስታታ፣ ሞተሪኖ፣ ጓርኒሲዮን፣ ክሪክ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ቡሎን፣ ግራሶ፣ ላሜራ፤ ባለሙያውም ጎሚስታ። ከእነዚህ ውስጥ አንዱም በትምህርት ቤት አልተማረም፤ በጽሑፍም አልመጣም። ስለዚህ ለሥነ ድምፅ ተመራማሪ እጅግ የጠሩ ማስረጃዎች ናቸው፤ ጆሮ የሰማውን አፍ እንዴት እንደ መለሰው በቀጥታ ያሳያሉና። የጎማ ውስጠኛው ክፍል በጣሊያንኛ «ካሜራ ዳሪያ» ይባላል፤ የአየር ክፍል ማለት ነው። አማርኛው «ካለማዳሪ» አለው። የፊትና የኋላ መከላከያው «ፓራኡርቲ» ነበር፤ «ፓራውልት» ሆነ። በሁለቱም ቃላት ውስጥ ሁለት «ረ» ነበሩ፤ አንዱ ወደ «ለ» ተለወጠ። ሁለት ተመሳሳይ ድምፆች በአንድ ቃል ውስጥ ሲከብዱ አንደኛውን ማራቅ በብዙ ቋንቋዎች የታወቀ ጠባይ ሲሆን፣ የአማርኛ ተናጋሪ መካኒክ ሕጉን ሳያውቀው በሚገባ ሠርቶበታል። የነዳጅ ማጠራቀሚያው «ሴርባቶዮ» ግን አንድ «ረ» ብቻ እያለው «ሰልባቲዮ» ሆኗል፤ ይህ እንደ ሌሎቹ በሕጉ ብቻ የሚፈታ አይመስለኝም፤ የእነርሱን ፈለግ ተከትሎ የተለወጠ ሳይሆን አይቀርም።

የትርጉም ለውጡም ከድምፅ ለውጡ አያንስም። «ቦቴ» በጣሊያንኛ የወይን ጠጅ በርሜል ነው። በአዋሽ መንገድ ግን ቦቴ ማለት ነዳጅ የሚጭነው መኪና በሙሉ ነው፤ ከነሹፌሩ ማለት ይቀላል። የአሰብ ነዳጅ ማጣሪያ እ.ኤ.አ. በ1967 ሥራ ጀምሮ በ1997 እስኪዘጋ ድረስ፣ ከዚያም ከ1998ቱ ጦርነት ወዲህ ጭነቱ ወደ ጅቡቲ ዞሮ በጋላፊ በኩል በሰመራ አድርጎ ሲመጣ፣ ቦቴው የዚህ ሸለቆ የዘወትር መንገደኛ ነው። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ ወደ ሥራ ከገባ በኋላም ቢሆን መንገዱን አልለቀቀም።

እዚህ ላይ የዚህ ጽሑፍ ዋና አስተውሎት ይመጣል። ከላይ የተዘረዘሩት ቃላት ሁሉ ስሞች ናቸው። ግሦቹን ብንፈትሽ ፈጽሞ የተለየ መልክ እናገኛለን። ሞተር ይነሣል፣ ይጠፋል፣ ይሞቃል፣ ይነክሳል። ጎማ ይነፋል፣ ይተነፍሳል። ማርሽ ይገባል፣ ይወጣል። ፍሬን ይይዛል፣ እምቢ ይላል። ውሃ ይፈላል። ሞተሩ ሲያረጅ ዘይት ይበላል፤ ቤንዚን ሲያበዛ ይጠጣል። ከእነዚህ መካከል አንድም የተዋሰ ግሥ የለም። ጣሊያናዊው መካኒክ የየዕቃውን ስም ሰጠ፤ በዕቃው ላይ የሚደርሰውን ነገር ግን የሰየመው ኢትዮጵያዊው ነው፣ የሰየመውም ከከብትና ከሰው ጠባይ በተወሰደ ቃል ነው። ሞተር እንደ ጭነት በሬ ተነሥቶ፣ በልቶና ጠጥቶ፣ ተንፍሶ የሚኖር ፍጥረት ሆነ።

የተሳኩትን የአማርኛ ስያሜዎች ብንመለከት ይህንኑ ያረጋግጣሉ። «ነዳጅ» ከ«ነደደ»፣ «ተሳቢ» ከ«ሳበ»፣ «መለዋወጫ» ከ«ለወጠ»፣ «መሪ» ከ«መራ» የወጡ ናቸው። ሁሉም ዕቃው ምን እንደሚሠራ ወይም ምን እንደሚደረግ የሚናገሩ ናቸው። «ተሳቢ»ን የሚያክል የሰመረ ስያሜ በዘርፉ ማግኘት ያስቸግራል፤ ሕግ አርቃቂውም፣ ሹፌሩም፣ የመንገድ ዳር ሻይ ሻጯም በአንድ አፍ ይሉታል። በአንጻሩ ለፍሪሲዮን ወይም ለካንዴላ የሚወጣ የግእዝ ስያሜ ምን ያህል ቢያምር ጋራዥ አይደርስም፤ ዕቃው ስሙን ይዞ ገብቷልና። ስለዚህ ደንቡ ሊሆን የሚገባው እንዲህ ነው፤ ዕቃው ከነስሙ በካርቶን ታሽጎ ከመጣና ስሙ ከተለመደ ለመዝገብ ያህል መመዝገብ፤ ዕቃው የሚታወቀው በሥራው ከሆነ ግን ከአማርኛ ግሥ ስም ማውጣት።

የአማርኛ ቋንቋ አካዳሚ በ1964 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ በኋላም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ተብሎ፣ የሳይንስና የቴክኖሎጂ ቃላትን በአማርኛ የመተርጎሙ ሥራ ከተግባሮቹ አንዱ ነበር። የሥራው ውጤት በ1989 ዓ.ም. የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ሆኖ ታትሟል። በእኔ አስተያየት ለሥነ ሕይወትና ለፊዚክስ የወጡት ስያሜዎች በክፍል ውስጥ መምህር ስለ ነበራቸው ዕድል አገኙ። የሞተር ቃላት መምህር ግን ጎሚስታውና መካኒኩ ናቸው፤ እነርሱም በዘይት በጨቀየ እጅ መዝገበ ቃላት አይገልጡም። የግእዝን ሥር መሻት ክቡር ሥራ ነው፤ ሆኖም በዚህ ዘርፍ ሊቁ ከመካኒኩ ጎን ቆሞ መስማት ይኖርበታል።

ወደ ቱርቦ እንለፍ። «ቱርቦ» በላቲን ዐውሎ ነፋስ ወይም ሕፃናት የሚያሾሩት ሾጣጣ መጫወቻ ማለት ነው። በቅርጹ ለእኛ የሚቀርበው የፈታይ እንዝርት ነው። ከጢስ ጋር ተቃጥሎ የሚወጣው የሞተር ጋዝ አንዱን ጎማ ያሽከረክራል፤ በዚያው ዘንግ ላይ ያለው ሁለተኛው ጎማ ንጹሑን አየር እያመቀ ወደ ሲሊንደሩ ይገፋዋል። ዘንጉ በደቂቃ ከመቶ ሺሕ ጊዜ በላይ ሊዞር ይችላል። ፈጠራው የስዊሱ መሐንዲስ የአልፍሬድ ቡኪ ሲሆን የፓተንት መብቱን የጠየቀው እ.ኤ.አ. በ1905 ነው። ለደጋ አገር ያለውን ጥቅም ያሳየው ግን ሳንፎርድ ሞስ የተባለ አሜሪካዊ ነው፤ በ1918 አንድ የአውሮፕላን ሞተር በኮሎራዶ ወዳለው የፓይክስ ተራራ አውጥቶ ከ4,000 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ላይ ፈተነው። ከፍታው አየሩን ሲያሳሳ ጉልበቱ የሚደክመው ሞተር በዚህ መሣሪያ ጉልበቱን መልሶ አገኘ።

ይህ ለእኛ መንገድ እንግዳ ነገር አይደለም። ከወደብ የሚነሣ መኪና ከባሕር ወለል ተነሥቶ በሰመራና በገዋኔ ቆላ አልፎ፣ ወደ 1,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት በአዋሽ በኩል አዲስ አበባ ሲደርስ 2,400 ሜትር ያህል ወጥቷል፤ በዚያም የአየሩ ግፊት የባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። ፊያት እ.ኤ.አ. በ1952 ለገበያ ያቀረበው 682 የተባለው መኪና፣ በተለይም «ኤንትሬ» የተባለው ዓይነት፣ ያለ ቱርቦ ይህን አቀበት ለብዙ ዓመታት ወጥቶታል። «ኤንትሬ» የሚለው ስም ራሱ «ኤን 3» የሚለው የሞዴል ምልክት በጣሊያንኛ ሲነበብ የሚሰማው ድምፅ ነው፤ ሦስት ቁጥርን በጣሊያንኛ የሚያነብ አማርኛ ተናጋሪ የተገኘው በጋራዥ ብቻ ይመስለኛል። ከዚያ በኋላ ቱርቦ ያላቸው የኢቬኮ ከባድ መኪናዎች ሲመጡ ሕዝቡ መኪናውን በሙሉ «ቱርቦ» አለው። ክፍሉ ለሙሉው ሆነ፤ ልክ በርሜሉ ለቦቴ መኪናው እንደ ሆነው።

ለተርጓሚ ይህ ወጥመድ ነው። «ቱርቦው ዘይት ያፈሳል» የሚለው ዐረፍተ ነገር የዕቃውን ወይም የመኪናውን ጉድለት ሊናገር ይችላል። ስለዚህ ዕቃውን ብቻ ማመልከት ሲፈለግ «የቱርቦ ዕቃ» ወይም «የሞተሩ ቱርቦ» ማለት ያስፈልጋል። «ቱርቦ» በሚለው ፈንታ «አዙሪት» ከሚለው ቃል ስያሜ እናውጣ የሚል ሐሳብ ቢቀርብ ግን አልደግፈውም፤ ከላይ ባልነው ደንብ መሠረት ቃሉ ከነዕቃው ገብቷል፣ ቤተኛም ሆኗል።

አሁን ዕቃችንን በቅርብ እንየው። በማንኛውም ሞተር ውስጥ ከሚቃጠለው ጋዝ ጥቂቱ በፒስተን ቀለበቶቹ ጎን ሾልኮ ወደ ሞተሩ ሆድ ይወርዳል። እዚያ የሚረጨውን ዘይት በጥቃቅን ነጠብጣብ ይዞ መውጫ ይፈልጋል፤ መውጫ ካጣ ግፊቱ ሆዱን ያስጨንቀዋል። በቀድሞ ሞተሮች መውጫው ወደ መሬት የተዘቀዘቀ ቧንቧ ነበር፤ ጋዙም ዘይቱም መንገድ ላይ ይቀር ነበር። በካሊፎርኒያ ከ1961 ጀምሮ፣ ቀጥሎም በሌሎች አገሮች፣ ይህ ጋዝ ተመልሶ ወደ ሞተሩ የአየር መግቢያ እንዲገባና እንዲቃጠል ተደረገ። አየሩ ዳነ፤ ዘይቱ ግን የሚሄድበት አገኘ። በባለ ቱርቦ ሞተር ላይ የሚመለሰው ጋዝ ከቱርቦው ፊት ይገባና ዘይቱን ቱርቦው ላይ፣ ከዚያም በአየር ማቀዝቀዣው ራዲያተር ውስጥ፣ በመጨረሻም በቫልቮቹ ላይ ይለጥፈዋል። ነዳጁ በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ በሚረጭባቸው ሞተሮች ቫልቩን የሚያጥብ ነዳጅ ስለሌለ ዘይቱ ቀስ በቀስ ወደ ከሰል ይለወጣል። ቱርቦ ሞተሩን በግፊት የሚያሠራው በመሆኑ የሚሾልከው ጋዝም ይበዛል።

ይህን ለማስቀረት በመውጫውና በአየር መግቢያው መካከል አንድ ዕቃ ይገባል። ጋዙ ሲገባ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ በውስጡ ያሉትን ግርዶሾችና የሽቦ መረብ ሲነካ ይቀዘቅዛል፤ ነጠብጣቦቹ ተጋጥመው ወደ ታች ይወርዳሉ፤ የነጻው ጋዝ በሌላው አፍ ይወጣል። አሠራሩን ለማስረዳት ከአረቄ አወጣጥ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ከጋኑ የወጣው በመቃ አልፎ በቀዝቃዛው ዕቃ ውስጥ ይንጠባጠባል። ልዩነቱ በአረቄው የሚፈለገው የተንጠባጠበው መሆኑ፣ በሞተሩ ግን የተንጠባጠበው ውሃና ነዳጅ የተቀላቀለበት ስለሆነ ተመልሶ ሞተር ውስጥ መግባት የማይገባው መሆኑ ነው።

የሌሎች ቋንቋዎች አሰያየም ምን እንዳዩ ይነግረናል። በእንግሊዝኛ ስሙ «መያዝ»ን ያጎላል። የዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን የውድድር ደንብ በፈረንሳይኛ ያመለጠውን መልሶ የሚያገኝ በሚል ቃል ይጠራዋል፤ በዚያ ደንብ መተንፈሻው ክፍት ለሆነ ሞተር፣ እስከ 2,000 ሲሲ ከሆነ 2 ሊትር፣ ከዚያ በላይ ከሆነ 3 ሊትር የሚይዝ እንዲሆን ታዟል። ጀርመንኛው ደግሞ መለየትን የሚያጎላ ስም አለው። ሦስቱም አንድን ዕቃ ሲያዩ አንዱ እጅን፣ አንዱ ኪሳራን፣ አንዱ ወንፊትን አየ።

በአማርኛ የሚቀርቡትን አማራጮች እንመርምር። «ታንክ» በአማርኛ አስቀድሞ የሚያስታውሰው የጦር መሣሪያውን ነው፤ መጣል ይገባዋል። «የዘይት ሰልባቲዮ» ለጊዜው ያማልላል፤ ጋራዡ ያውቀዋልና። ነገር ግን ስያሜ ይቆረጣል ብለናል፤ ሲቆረጥ የሚቀረው «ሰልባቲዮ» ነው፤ እሱም የነዳጁ ነው። «ሰልባቲዮውን አፍስስ» የተባለ ረዳት የሚያፈሰውን መገመት አያዳግትም። «ማጥመጃ» የእንግሊዝኛው ጥላ ነው፤ የዓሣና የወፍ ሽታ አለበት። «ማጠራቀሚያ» ከስሕተት የራቀ ቢሆንም ለማንኛውም ዕቃ የሚሆን ስለሆነ ምንም አይለይም።

ለእኔ የተሻለው «ማቆሪያ» ነው። «አቆረ» ማለት ፈስሶ ሊጠፋ የነበረ ውሃ ባለበት ተሰብስቦ ቆመ ማለት ነው። «ውሃ ማቆር» ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ በግብርና ሥራ በስፋት ስለ ተነገረ በከተማም በገጠርም የታወቀ ሆኗል፤ እንደ አዋሽ ሸለቆ ባለ ዝናብ አጠር አገርም ትርጉሙ ለማንም አይሰወርም። ሊያመልጥ የነበረን፣ በጥቂት በጥቂቱ የሚመጣን ነገር መሰብሰብ፤ ዕቃው የሚሠራው ይህንኑ ነው። ከሞተሩ ሥር ላለው ዋና የዘይት ክፍል ደግሞ «ቋት» የሚለው ይስማማዋል፤ ቋት የተትረፈረፈው የሚቀመጥበት ነውና ሁለቱ አይምታቱም።

ሙሉ ስሙ ምን ይሁን? የሚቆረው ምን እንደ ሆነ መናገር አለበት። «የዘይት እንፋሎት» ማለት የተለመደ ቢመስልም ትክክል አይደለም፤ ከሞተሩ ሆድ የሚወጣው በአብዛኛው የተነነ ዘይት ሳይሆን በጋዙ ላይ የተንጠለጠለ ጥቃቅን ነጠብጣብ ነው። አማርኛ ለእንዲህ ያለው ነገር የራሱ ቃል አለው፤ ጉም። ጉም ውሃ ሆኖ ሳለ እንደ አየር የሚንሳፈፍ፣ ቅጠል ሲነካ ግን ነጠብጣብ የሚሆን ነው። ስለዚህ ሙሉ ስሙ «የዘይት ጉም ማቆሪያ»፣ በአፍ ሲቆረጥ «ማቆሪያ» ይሁን እላለሁ። የትኛውም ክፍል ቢቀር ጉዳት አያመጣም። «ማ...ያ» የሚለው አወጣጥ መሣሪያንም ቦታንም የሚያመለክት በመሆኑ (መክፈቻ መሣሪያ ነው፤ ማደሪያ ቦታ ነው) ለዚህ ዕቃ ሁለቱም ይስማሙታል።

ከስሙ ይልቅ አደጋ ያለበት በአገጣጠም መመሪያው ውስጥ የሚገኝ ሌላ ቃል ነው። ዕቃው በሁለት ዓይነት ይገጠማል። በአንደኛው የነጻው ጋዝ ወደ አየር መግቢያው ይመለሳል፤ በሁለተኛው በትንሽ ማጣሪያ በኩል ወደ ውጭ ይወጣል። የእንግሊዝኛ መመሪያዎች የመጀመሪያውን «ዝግ»፣ ሁለተኛውን «ክፍት» ይሉታል። ተርጓሚው «ዝግ አገጣጠም» ብሎ ከጻፈ፣ መካኒኩ አፉን ሊደፍነው ይችላል። መውጫው የተደፈነ ሞተር ግፊቱን በሌላ በኩል ያወጣዋል፤ ጓርኒሲዮኖቹና የዘንግ መዝጊያዎቹ ዘይት ማፍሰስ ይጀምራሉ። ከዚህ የባሰው የቱርቦው ነው። ቱርቦው የተቀባው ዘይት በራሱ ክብደት ብቻ ወደ ሞተሩ ሆድ ይመለሳል፤ ሆዱ በግፊት ከተሞላ ዘይቱ መውረጃ ያጣና በቱርቦው ማኅተሞች በኩል ወጥቶ ይቃጠላል። መኪናው ነጭ ሰማያዊ ጢስ ያወጣል፤ ባለቤቱም ያልተበላሸ ቱርቦ ሊያስለውጥ ይችላል። በአንድ ቅጽል ጥፋት የሚደርስ ኪሳራ ነው። ስለዚህ «ዝግ»ና «ክፍት» ተትተው «ተመላሽ»ና «ወደ ውጭ የሚተነፍስ» ቢባሉ ይሻላል።

«መተንፈሻ» ደግሞ ለሞተሩ መውጫ ብቻ ይጠበቅ። በሁለተኛው አገጣጠም የምትገባውን ትንሿን ማጣሪያ «አየር ማጣሪያ» ብሎ የሚተረጉም አለ፤ አየር ማጣሪያ ግን ሞተሩ ወደ ውስጥ የሚስበውን አየር የሚያጠራው ትልቁ ዕቃ ነው። «የመተንፈሻ ማጣሪያ» ማለት ይበቃል። ሞተሩ ይተነፍሳል የሚለውን ግሥ ጋራዡ ቀድሞ ስለ ሰጠን አዲስ ነገር መፍጠር አላስፈለገም።

ስያሜዎቹ በተግባር ይቆሙ እንደ ሆነ ለመፈተን፣ በተመላሽ አገጣጠም ለአንድ ቀላል መኪና የሚሆን አጭር መመሪያ ከዚህ በታች ይቀርባል።

«ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቅ። ከመተንፈሻው ወደ አየር መግቢያው የሚሄደውን ቱቦ ለይተህ ፍታ። ማቆሪያውን ከቱርቦውና ከማርሚታው ሙቀት አርቀህ፣ ማፍሰሻው እጅ በሚደርስበት ቦታ፣ ቀጥ አድርገህ እሰር። ከመተንፈሻው የሚመጣውን ቱቦ በማቆሪያው መግቢያ፣ ወደ አየር መግቢያው የሚመለሰውን በማቆሪያው መውጫ ግጠም። ቱቦው ዘይት የማያለሰልሰው ዓይነት ይሁን፤ ውስጡ ከፊተኛው ቱቦ አይጥበብ፤ ተጣጥፎ ወይም ውሃ እንደሚይዝ ጎድጉዶ አይቀመጥ። ማንኛውንም አፍ አትድፈን። ሞተሩን አስነሥተህ ቱቦዎቹ አየር እንዳያስወጡ መርምር። ማቆሪያውን ሳይሞላ አፍስስ፤ የፈሰሰውን ወደ ሞተሩ አትመልስ፤ መሬት ላይም አትድፋ።»

በዚህ መመሪያ ውስጥ የተዋሱት ቃላት «ሞተር»፣ «ቱቦ»፣ «ቱርቦ»ና «ማርሚታ» ብቻ ናቸው፤ አራቱም ከነስማቸው የገቡ ዕቃዎች ናቸው። የቀረው በአብዛኛው ግሥና ከግሥ የወጣ ስም ነው። ጽሑፉን ለመካኒክ ጮክ ብሎ ማንበብ ጥሩ መፈተኛ ነው። «ምን ማለት ነው?» ብሎ የሚያቋርጥበት ቃል ቢኖር ያ ቃል መለወጥ አለበት።

አንድ ነገር ይቀራል። አዋሽ ሰባት ኪሎና ሰመራ የአፋር ከተሞች ናቸው፤ በጋራዦቻቸውም የሚነገረው አማርኛ ብቻ አይደለም። አፋርኛ የክልሉ የሥራ ቋንቋ ሲሆን የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። «ፍሬን»ና «ጎማ» ቋንቋ ሳይለዩ በሁሉም አፍ ሊዞሩ ይችላሉ፤ «ማቆሪያ» ግን ከአማርኛ ግሥ የወጣ ስለሆነ እንደ ውሰት ቃል ወደ አፋርኛ ቢሻገር ግልጽነቱን ያጣል። ስለዚህ ለአፋርኛ የሚወጣው ስያሜ ከአማርኛው ባይተረጎም ይመረጣል፤ የአፋር ተናጋሪ ሊያመልጥ የነበረን ውሃ ሲያቆም ከሚጠቀምበት ከራሱ ግሥ ይውጣ።